የግቢው ማኅደር

«ወይ የአባቴን ድምፅ ላጥፋው፣ ወይ ፊዚክሱ ይቅርብኝ፤ ለሁለቱም የሚሆን ቦታ የለኝም እኮ!»

ድምፁ የመጣው ከግድግዳው ማዶ ነው። አዜብ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቿን የሒሳብ ፈተና እያረመች ነበር፤ ይህን ስትሰማ ቀዩን እስክሪብቶ እንደያዘች ቀረች። ግድግዳው የጭቃ ነው። በእሷ በኩል ኖራ ተቀብቷል፣ በተከራይዋ በሰርካለም በኩል ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ድምፅ ግን አይዝም፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» ትላለች። ሰርካለም በስልክ ከጓደኛዋ ጋር እያወራች መሆኗ ነው። ጓደኛዋ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ትምህርት በቪዲዮ የተቀዳ ከባሕር ዳር አስመጥታለች፤ ነገ ጠዋት ግን በወገዳው መኪና ወደ ስማዳ፣ ወደ ቤተሰቦቿ ትሄዳለች። ዳታ ከተቋረጠ ቆይቷል፤ ከኢንተርኔት ማውረድ የሚባለውን ነገር የመካነ ኢየሱስ ተማሪዎች እየረሱት ነው። ትምህርቱ ዛሬውኑ ከስልክ ወደ ስልክ ካልተላለፈ እስከ ፈተናው ድረስ ሌላ ዕድል የለም። የሰርካለም ስልክ ደግሞ ሞልቷል። ፎቶዎቿን አጥፍታለች፣ መዝሙሮቿን አጥፍታለች፤ የቀራት የአባቷ ድምፅ ብቻ ነው።

አዜብ የሰው ወሬ ማዳመጥ እንደማይገባ ታውቃለች፤ ነገር ግን የሰማችውን እንዳልሰማች ሆና ማረሙን መቀጠል አልቻለችም። ወጣች። ሰርካለም በሯ ደፍ ላይ ተቀምጣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ታየዋለች፤ አጠገቧ ያለው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አረፋው ጠፍቶ ቀዝቅዟል።

«ሳላስበው ሰማሁሽ» አለች አዜብ። «የአባትሽን ድምፅ ነው የምታጠፊው?»

«እሳቸውማ ካረፉ ዓመት አለፋቸው፣ እትዬ። የቀረኝ ድምፃቸው ነው» አለች ልጅቱ፤ ከመነሣቷ በፊት እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ይስሙት እስቲ።»

አባቷ መሪጌታ ነበሩ፤ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አካባቢ ድጓ ያስተምሩ ነበር። ከመሞታቸው በፊት አንድ ደቀ መዝሙራቸው ስልኩን ጎጆው ምሰሶ ላይ እያንጠለጠለ ክረምቱን ሙሉ ቀድቷቸዋል፤ ለዚህ ነው ፋይሉ ያን ያህል ቦታ የያዘው። አዜብ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ስታደርገው መጀመሪያ ዝናብ ሰማች፤ የሣር ክዳን ላይ የሚወርድ፣ ለስለስ ያለ ዝናብ። ከዚያ የመሪጌታው ዜማ መጣ፣ ተማሪዎቹም ተቀበሉ። ድምፁ እየወጣ እየወጣ ሄዶ፣ መሐል ላይ በድንገት ተቋረጠና «ሰርኬ! ኧረ ጥጃዪቱ ተፈታች፣ እናቷ ዘንድ ደረሰች! ያዣት!» አለ። የሚሮጥ እግር ተሰማ። መሪጌታው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ዜማውን ካቆሙበት ፊደል ላይ አንሥተው ቀጠሉ።

«እሷን ነው ማታ ማታ የምሰማት» አለች ሰርካለም፤ በእንባዋ መሐል ሳቅ አለች። «ጥጃዋን ሳልይዝ እንዴት አድርጌ እተኛለሁ?»

ፍላሽ ላይ ብትገለብጪውስ አለቻት አዜብ። ሰርካለም ፍላሹን የምትከፍትበት ኮምፒውተር የላትም፤ የስልኳ የካርድ ማስገቢያም ከተሰበረ ቆይቷል። የአዜብ ላፕቶፕም ቢሆን መብራት ጠፍቶ በኃይል የመጣ ቀን ተቃጥሎ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ይጠጣል። «ጓደኛሽን እስከ ማታ ታገሽኝ በያት» አለቻትና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ምን ልታደርግ እንዳሰበች ራሷም ገና አላወቀችም።

ወረቀቶቹ ፊት ተቀመጠች እንጂ አላረመችም። ሐሳቧ አንድ ነገር ላይ ተተክሎ ቀረ፤ ድምፁ ስልኩ ውስጥ ባይቀመጥ፣ ግቢው ውስጥ ቢቀመጥስ? ከጥቂት ዓመታት በፊት ትምህርት ቤት ውስጥ ዋይፋይ የሚረጨውን ሣጥን፣ ራውተሩን፣ አገላብጣ ስታይ በስተኋላው የፍላሽ መሰኪያ አይታበት ነበር። ምን ይሠራል ብላ ብትጠይቅ ማንም አላወቀም። ከካርቶኑ ጋር የመጣውን መመሪያ ወስዳ ስታነብ፣ እዚያ ቀዳዳ ላይ ዲስክ ቢሰካ በዚያ ዋይፋይ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ከገዛ ስልኩ ከፍቶ ማየትና መስማት እንደሚችል፣ ለዚህም ኢንተርኔት እንደማያስፈልግ ተረዳች። ያን ጊዜ ደስ ብሏት ተወችው፤ እዚያ የሚያስቀምጠው ነገር ያለው ሰው አላጋጠማትም ነበር። አሁን ግን ጥያቄው መብራቱ ነው። መብራት የሚጠፋው ሰርካለም አባቷን በምትሰማበት ሰዓት፣ ማታ ነው። ኮምፒውተር ቢሆን የጣሪያዋ ሶላር የሚሞላው ባትሪ አይችለውም። ራውተር ግን ትንሽ ነው የሚበላው፤ የሚሠራውም በአሥራ ሁለት ቮልት ነው። አልጋዋ ሥር ያለው ባትሪም አሥራ ሁለት ቮልት ነው። ከተቃጠለው ላፕቶፕ የምታወጣውን ዲስክ ጨምራ አሰበችው፤ ሁለት አምፖል የሚበላውን ያህል ነው። ማታ አንዱን አምፖል አጥፍታ፣ በሌላው ጥቂት ቆጥባ ብትይዘው ያድራል። ካላደረስ? ይህን ለማወቅ ያላት መንገድ መሞከር ብቻ ነው።

ራውተር ያለው መሐሪ ዘንድ ነው። ይህን ስታስታውስ ጫማዋን እያደረገች ነበር፤ አንዱን እግሯን እንዳጠለቀች ጥቂት ቆየች። መሐሪ ታናሽ ወንድሟ ነው። ዋናው መንገድ ዳር ኢንተርኔት ቤት ነበረው፤ ዳታው ሲቋረጥ ወደ ስልክ ጥገና ዞረ። ቤታቸው ሩቅ ለሩቅ አይደለም፤ ግን ከእናታቸው ሞት ወዲህ የሰላምታን ያህል ነው የሚነጋገሩት። እናታቸው ያረፈች ጊዜ አዜብ ባሕር ዳር በክረምት ኮርስ የመጨረሻ ፈተና ላይ ነበረች። መሐሪ ደውሎ «እማዬን ትንሽ አሟታል፤ ፈተናሽን ጨርሰሽ ነይ» አላት። ጨርሳ፣ ብርቱካን ገዝታ ስትመጣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጦ አገኘችው። እናቷ ከተቀበረች ሠልስቷ ወጥቷል። ያን ዕለት ጮኻ አለቀሰች እንጂ ለመሐሪ ምንም አላለችውም፤ ከዚያም በኋላ ምንም ሳትለው ቀረች። ለበዓል ድፎ ዳቦ ትልክለታለች፤ እሱም ሳህኑን ሙዝ ሞልቶ ይመልሳል። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም።

ቅዳሜ ስለነበር መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቷል። የመሐሪ ሱቅ ፊት ለፊት ከገጠር የመጡ ሰዎች ስልክና የእጅ ባትሪ ቻርጅ ሊያስደርጉ ተደርድረው ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ስልክ ላይ የባለቤቱ ስም በፕላስተር ተለጥፏል። መሐሪ ባንኮኒው ላይ አቀርቅሮ የተፈታ ስልክ በካውያ ይበይዳል። የቀለጠው ስታኞ ጭስ ፊቱ ላይ እየወጣ ያስነጥሰዋል።

«እንደምን አደርክ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደርሽ» አለ ቀና ሳይል፤ ከዚያ የእሷ ድምፅ መሆኑን ለየና ቀና አለ።

«የኢንተርኔት ቤቱ ራውተር አለ?»

«አለ። ግን ኢንተርኔት በሌለበት ምን ያደርግልሻል?»

ነገረችው። መጀመሪያ ባጭሩ ልትነግረው ነበር፤ መሪጌታውን፣ ጥጃዋን፣ ባትሪውን ሁሉ አንድ በአንድ ስትተርክ ራሷን አገኘችው። መሐሪ ካውያውን ማስቀመጫው ላይ አሳረፈ። ከባንኮኒው ሥር ካርቶን ጎትቶ አወጣና ራውተሮቹን እያነሣ ኋላ ኋላቸውን ያይ ጀመር፤ ዕድሜውን ሙሉ ይዟቸው ሳለ ቀዳዳው ላይ ልብ ብሎ አያውቅም። ከታች ካሉት አንዱ ቀዳዳው አለው። አቧራውን በትንፋሹ ነፋ አደረገለት።

«ይሄኛው ይሆናል። ዲስኩን ይችለዋል ወይ ነው እንጂ።»

«እኔም እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው» አለችው።

መሐሪ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ዲስኩን የምታስገባበት የላስቲክ ልባጥ ከነገመዱ ጨመረላት። በዚህ መሐል አንድ ሰው «ኧረ ስልኬ ሞልቷል ወይ?» ብሎ አንገቱን ሲያስገባ ወንድሟ ወደ እሱ ዞረ፤ አዜብም ዕቃውን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ወጣች። መንገድ ላይ ልጅ ሳሉ የሆነው ነገር ትዝ አላት። የአባታቸውን ራዲዮ ውስጡ ማን እንዳለ ለማየት ብላ ብሎን በብሎን የበተነችው እሷ ነበረች፤ የተገረፈው ግን መሐሪ ነው። አልተናገረባትም።

ቤት ገብታ የሞተውን ላፕቶፕ በካቻቢቴ ፈታችው። ውስጡ ብዙ አቧራና አንድ የደረቀ በረሮ ነበር። ዲስኩ መዳፏን የማይሞላ፣ ክብደቱ ግን ከመጠኑ የበለጠ ብረት ነው። እዚህች ውስጥ አንድ ክረምት ሙሉ ዝናብ ሊገባ ነው ብላ ስታስብ ገረማት። የአንዱን አምፖል ሽቦ ቆረጠች፣ ቀዩንና ጥቁሩን ለየች፣ ላጠች። እነዚህ ቢቀያየሩ ራውተሩ በአንድ ቅጽበት ይቃጠላል፤ ስለዚህ አይታ፣ ደግማ አይታ አገናኘችና በናስትሮ ጠቀለለችው። አረንጓዴ መብራቶች አንድ ባንድ በሩ። በስልኳ ስትፈልገው የድሮው የኢንተርኔት ቤት ስም መጣ፤ ገብታ «ግቢያችን» ብላ ለወጠችው። እስከዚህ ሁሉም አማረ። ዲስኩን ስትሰካው ግን ዲስኩ «ትክ» አለ። ቆየት ብሎ «ትክ»። ከዚያ እንደገና «ትክ»። ስልኳ ላይ ምንም አልመጣም።

ሣጥኑን ብርሃን ላይ ለማየት ወደ በረንዳው አወጣችው። ሌላው ተከራይዋ፣ የፍርድ ቤት ተላላኪ የነበሩትና አሁን ጡረታ የወጡት ጋሼ ፈንታው፣ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ወንበራቸውን ጎተት አድርገው ተጠጉ።

«መምህርት፣ ይሄ ዕቃ ስልኬ ውስጥ ያለውን ያያል ወይ?»

«አያይም፣ ጋሼ። እርስዎ ፈልገው ያስቀመጡበትን ብቻ ነው የሚይዘው።»

«ምንም ባላስቀምጥስ?»

«ባዶውን ይቀመጣላ።»

«እንዲያ ከሆነ ከጎረቤት ይሻላል» አሉና ወደ ፀሐያቸው ተመለሱ።

አዜብ መሳቢያ ውስጥ ያገኘቻትን ትንሽ ፍላሽ በዲስኩ ፈንታ ሰካች። ወዲያው ስልኳ ላይ ተከፈተ፤ ስለዚህ ቀዳዳው ደህና ነው፣ ራውተሩም ደህና ነው። ፍላሿ ግን ትንሽ ናት፤ የመሪጌታውን እንኳ አትችል። ዲስኩን መልሳ ሰክታ በጣቷ ዳሰሰችው። ሊዞር ይነሣል፣ ጉልበት ያንሰዋል፣ ይወድቃል፤ ትክ የሚለው ሲወድቅ ነው። የራውተሩ ቀዳዳ የሚሰጠው ኃይል አልበቃውም ማለት ነው። የሶላሩ መቆጣጠሪያ ላይ ለስልክ ቻርጅ የሚሆን ቀዳዳ አለ። ዲስኩ ከዚያ እየበላ በራውተሩ በኩል ቢነጋገርስ? ለዚህ ባለ ሁለት ጭራ ገመድ ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ካውያ የላትም። ስልኳን ይዛ ጥቂት አመነታች፤ ከዚያ ደወለች።

«ዲስኩ ትክ ትክ ይላል» አለች መሐሪ እንዳነሣ።

ከኋላው የገበያው ጫጫታ ይሰማል።

«አልጠገበም» አለ መሐሪ።

«እኔም እንዲያ ነው ያሰብኩት።»

«አትነካኪው፤ መጣሁ።»

በገበያ ቀን ሱቁን ዘግቶ መጣ። ግቢውን ከእናታቸው ተዝካር ወዲህ ረግጦት አያውቅም፤ በሩ ላይ ጥቂት ቆሞ እናታቸው ጌሾ የተከለችበትን ጥግ አየና ገባ። መብራቱ ሳይጠፋ ለመድረስ ቶሎ ቶሎ ሠሩ። እሱ ገመዱን ይልጣል፣ እሷ በፒንሳ ትይዝለታለች፤ ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች በቀለማቸው ለይታ ታቀብለዋለች፣ እሱ ይበይዳል። የትኛው ሽቦ ኃይል፣ የትኛው ወሬ እንደሚያመላልስ ጠየቀችው፤ አስረዳት። ለምን አረንጓዴውና ነጩ እንደማይነኩ ጠየቀችው፤ እሱንም አስረዳት። ጋሼ ፈንታው ወንበራቸውን ይበልጥ አቀረቡ። ሰርካለም ሳፋዋን ትታ ከኋላቸው ቆማለች። ገመዱ አልቆ ሲሰካ ዲስኩ አንድ ጊዜ «ትክ» አለ። ከዚያ እንደ ንብ የቀጠነ ድምፅ ወጣው፤ መዞሩን ቀጠለ፤ አልወደቀም።

ሰርካለም የአባቷን ፋይል መላክ ስትጀምር ስልኳ ላይ ያለችው ሰማያዊ መስመር በጣም በዝግታ ነው የሄደችው። ግማሹን አልፋ ሳለ የወፍጮ ቤቱ ድምፅ ቆመ፤ የጎረቤቱ ራዲዮ ቆመ፤ የካውያው ጭስ እየቀጠነ ሄደ። የከተማው መብራት ጠፋ። ሰርካለም «ወይኔ!» ብላ ሣጥኑን አየች። አረንጓዴዎቹ መብራቶች እንደበሩ ናቸው። መስመሯም እየሄደች ነው። ጋሼ ፈንታው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ፋይሉ ሲደርስ ሰርካለም የስልኳን ልታጠፋ ጣቷን ዘረጋች፤ መሐሪ ከለከላት። ዲስክም እንደ ላፕቶፑ አንድ ቀን ሊሞት እንደሚችል፣ የሚወዱት ነገር ከአንድ ቦታ በላይ መቀመጥ እንዳለበት ነገራትና ኪሱ ውስጥ ባለ ትልቅ ፍላሽ ሌላ ቅጂ ወሰደ። «ሱቅ አስቀምጥልሻለሁ» አላት። ከዚያ በኋላም ልጅቱ ወዲያው አላጠፋችም። መጀመሪያ ጥግ ያለው ክፍሏ ውስጥ ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ከሣጥኑ ላይ ከፈተችው። ዝናቡ እስከ በረንዳው ተሰማ። ዜማው ተሰማ። «ሰርኬ! ኧረ ጥጃዪቱ ተፈታች!» ሲል መሐሪ ሳያስበው ከት ብሎ ሳቀ። ሰርካለም ስትወጣ ፊቷ እርጥብ ነበር። «አጠፋሁት፤ ግን አለ» አለች። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትምህርቱን ልትቀበል ወደ ጓደኛዋ ሮጠች።

አዜብ የግቢውን ሰው ስም እየጻፈች ለየአንዳንዱ ፎልደር ከፈተች። ለሰርካለም፣ ለጋሼ ፈንታው፣ ለራሷ። ከዚያ ሳትጠየቅ «መሐሪ» ብላ ጻፈች።

«አንተንም ጻፍኩህ።»

«እኔ እዚህ አልኖርም እኮ» አለ መሐሪ።

«ይኑርህ፤ ምን ቸገረህ» አለችው፤ ባትሪውን ታይ ስለነበር ፊቱን አላየችውም።

መሐሪ ዕቃውን ሰበሰበ። ከዚያ ግን አልሄደም፤ የግቢው በር ዘንድ ሄዶ ግንቡን ተደግፎ ስልኩን ይነካካ ጀመር። ደንበኛ መልእክት ልኮበት ይሆናል ብላ አሰበች። ቆየ። ፀሐይዋ ከጽድ ዛፉ በታች ስትወርድ ስልኩን ኪሱ ከተተና ከዚያው ሆኖ «በይ ደህና አምሺ» ብሎ ወጣ። አመሰግናለሁ ልትለው አፏን ስትከፍት ጫማው መንገዱ ላይ እየራቀ ነበር።

ማን ምን አስቀምጦ ይሆን ብላ ስልኳን ከፈተች። የጋሼ ፈንታው ባዶ ነው። የሰርካለም ውስጥ መሪጌታው አሉ። የመሐሪም ባዶ ይሆናል ብላ ነካችው፤ አንድ ቪዲዮ አለ። ስሙ «ለእታለም» ይላል። ልጅ ሳለ ጀምሮ የሚጠራት እንዲህ ነበር። ከፈተችው።

መጀመሪያ የሚታየው የዚሁ ግቢ በር ነው። ሰዎች የሬሳ ሣጥን ተሸክመው እየወጡ ነው፤ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል። ከስልኩ ኋላ የመሐሪ ድምፅ ቀስ ብሎ ይናገራል፦ «እታለም፣ ይኸውልሽ፣ ከቤት ወጣን። ከላይ ያለው ያንቺ ጋቢ ነው፤ እኔ ነኝ ያለበስኳት። አሁን አንቺ ፈተና ላይ ነሽ። ያደረግሁት ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም።» አዜብ በረንዳው ላይ ቁጢጥ አለች። መንገዱ ታየ፤ ካህናቱ ጃንጥላ ዘርግተው ቀደሙ። «እዚህ ጋ አሳረፍናት፣ ፍትሐት እየተደረገላት ነው። ሰዉ ብዙ ነው፤ እንዳይመስልሽ ብቻዋን።» ጎረቤቶቿን አየች፣ አስተማሪዎቿን አየች፣ ራሱ መሐሪ ስልኩን ለሌላ ሰው አቀብሎ አፈር ሲመልስ አየች፤ ወዲያው ስልኩን ተቀብሎ ቀጠለ። የሆነውን አንድም ሳያስቀር ሊያሳያት እየታገለ እንደነበር ገባት። ሰዉ ሲበተን ሥዕሉ ወደ ጽዶቹ ዞረ። ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ወገቧን በገመድ የታጠቀች አሮጊት ብቻዋን ቆማለች። ሁሉም ከሄደ በኋላ ቀኝ እግሯን ጎተት እያደረገች ወደ መቃብሩ መጣችና መዳፏን እርጥቡ አፈር ላይ አሳረፈች። «እኚህን ሴትዮ አላወቅኋቸውም» አለ የመሐሪ ድምፅ። «ምናልባት አንቺ ታውቂያቸው ይሆናል።» እዚያ ላይ ቪዲዮው አለቀ።

አዜብ መልሳ ሴትዮዋ ላይ አቆመችው። እግሯን የምትጎትትበትን አኳኋን አየች። ከዚያ ቪዲዮውን ስልኳ ላይ ገልብጣ፣ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ ስትሄድ ሮጥ ሮጥ ትል ነበር።

መሐሪ ሱቁ ውስጥ በትንሽ የሶላር መብራት የቀሩትን ስልኮች ለባለቤቶቻቸው እየለየ ነበር። ስታለከልክ ሲያያት ተነሣ። ፊቱ ስድብ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር።

«ሴትዮዋን አውቃቸዋለሁ» አለች አዜብ።

«የትኛዋን?»

«መቃብሩ ላይ ያሉትን። እትዬ ውባለም ናቸው፤ የወገዳ። አባባ እዚያ ሲሠራ ጎረቤታችን ነበሩ። አንተን ስትወልድ እማዬ ታማ ወተቷ ደርቆ ነበር። ከልጃቸው ጋር እኩል ያጠቡህ እሳቸው ናቸው።»

መሐሪ በእጁ የያዘውን ስልክ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። «ማንም አልነገረኝም።»

«የምታውቅ መስሎኝ ነበር» አለች። ለምን እንደመሰላት ራሷም አላወቀችም። ዕድሜውን ሙሉ ነግራው አታውቅም። ጥቂት ቆይታ ግን ሌላ ነገር ደረቷን ሞላውና ድምፅዋ ተለወጠ፦ «ከወገዳ፣ በዚያ መንገድ፣ እግራቸውን እየጎተቱ እሳቸው እንኳ ሰምተው ደርሰዋል። እኔ ልጇ ግን…»

መሐሪ አንገቱን ደፋ። ውጭ አንድ አህያ ነጂ አህዮቹን እየጠራ አለፈ።

«ልጠራሽ ይገባኝ ነበር» አለ። «ያን ዕለት ማታ ቪዲዮውን ልሰጥሽ ነበር፤ ስታለቅሺ ሳይ ፈራሁ። በማግሥቱም ፈራሁ። ከዚያ ወዲያማ እያደር ባሰብኝ።»

አዜብ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ ባንኮኒውን ዞራ ገባችና ከጎኑ ቆመች። ስልኳን አውጥታ ከቻርጀሮቹ አንዱ ላይ ደገፍ አደረገችው፤ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ጀመረችው። ሁለቱም ወደ ትንሿ ብርሃን አቀረቀሩ። ሣጥኑ ከበሩ ሲወጣ መሐሪ ዓይኑን ሊመልስ ሲል ክንዱን ያዘችው።

«እትዬ ውባለም በሕይወት ይኖሩ ይሆን?» አለ ቀስ ብሎ።

«የሰርካለም ጓደኛ ነገ ጠዋት ወገዳ ትሄድ የለ፤ እሷን እንጠይቃለን» አለችው። ከዚያ ጣቷን ሥዕሉ ላይ ሰነዘረች። «ቆይ፣ እዚህ ጋ አቁመው። ከካህናቱ ኋላ በቅሎ ይዞ የቆመው ይሄስ ማነው?»